ከገሞራው አፍ እስከ ቲኬቱ መስኮት

ኒውዚላንድ ውስጥ ፋካታኔ ከምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በጀልባ የተጓዘ ሰው፣ ከባሕሩ መካከል ነጭ እንፋሎት ስትተፋ የምትውል ደሴት ፊት ለፊቱ ትገጥመዋለች። የአገሩ ነባር ሕዝብ ማኦሪዎች ፋካአሪ ይሏታል፤ በእንግሊዝኛ ስሟ ኋይት አይላንድ ነው። ከውኃው በላይ የሚታየው የእሳተ ገሞራው ጫፍ ብቻ ነው፤ አብዛኛው አካሉ ባሕር ውስጥ ነው። ለብዙ ዓመታት ጎብኚዎች ከትልቁ ጀልባ ወደ ትንሽ የጎማ ጀልባ እየተሸጋገሩ እዚያ ይወርዱ ነበር። አስጎብኚው ሄልሜትና የጋዝ ጭንብል ያድላቸዋል፤ ጉሮሮ የሚከረክረውን የድኝ ጋዝ እንዲያስታግስላቸውም ከረሜላ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ተሰልፈው፣ የፈረሰውን የድኝ ፋብሪካ እያዩ፣ በቢጫ ክምሮችና በሚንተከተኩ ጉድጓዶች መካከል አልፈው አሲድ ወዳቆረው ሐይቅ ይደርሳሉ። የገሞራው አፍ ከባሕሩ ጠለል እምብዛም ከፍ ስለማይል ዳገት የለም፤ ጉልበቱ የደከመም ይችለዋል። የደሴቷ ትልቁ መስህብም ይኸው ነበር፤ ተራራ ሳይወጡ እሳተ ገሞራ ውስጥ መግባት።

ዲሴምበር 9 ቀን 2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአገሩ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ፋካአሪ ፈነዳች። በዚያች ቅጽበት 47 ሰዎች ደሴቷ ላይ ነበሩ። አንዳንዶቹ ከሐይቁ ዳር ገና መመለሳቸው ነበር። 22 ሰዎች ሞቱ፤ ከተረፉት 25 ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን የሚከተላቸው ቃጠሎ ደረሰባቸው። ከ47ቱ 38ቱ ታውራንጋ ወደብ ላይ ከቆመችው ኦቬሽን ኦፍ ዘ ሲስ ከተባለች ግዙፍ የመዝናኛ መርከብ ለአንድ ቀን ሽርሽር የመጡ ነበሩ። ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው፣ ማታ ለእራት ሊመለሱ የወጡ ሰዎች ናቸው።

ስለ አደጋው ብዙ ተጽፏል። ጉዳዩ ግን የአንዲት ደሴት ብቻ አይደለም። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት እሳተ ገሞራ ማየት የጥቂት ሳይንቲስቶችና የጀብደኞች ነገር መሆኑ ቀርቶ ተራ የዕረፍት ጊዜ ፕሮግራም ሆኗል። ርካሽ በረራ፣ ሺዎችን የሚጭን መርከብ፣ በስልክ የሚሰራጭ ፎቶግራፍ አንድ ላይ ተደምረው ትናንት ማንም የማያውቀውን ገደል ዛሬ የሰልፍ ቦታ ያደርጉታል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። የሰው ልጅ ምድር ስትተነፍስ ማየት ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? ፍርድ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። ተራራው ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ቲኬት የሚቆርጥ ሰውም አለ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ዕውቀቱ በስንት እጅ ያልፋል? በየእጁስ ምን ያህሉ ይንጠባጠባል?

ፋካአሪ ድንገት የከዳች ደሴት አልነበረችም። በ1914 የገሞራው ግድግዳ ተደርምሶ፣ የወረደው የጭቃና የድንጋይ ጎርፍ እዚያ የነበሩትን የድኝ ማዕድን ሠራተኞች ሁሉ ጨርሷል። ኤፕሪል 27 ቀን 2016 ደግሞ ቱሪስቶች በሚረግጡት መንገድ ላይ ትፋቷን አለበሰችው፤ ሆኖም የፈነዳችው ከመሸ ስለነበር ደሴቷ ላይ ማንም አልነበረም። ያ ሌሊት ከባድ ማስጠንቀቂያ ነበር። ፍንዳታው በጉብኝት ሰዓት ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር ብሎ ለመጠየቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ጉብኝቱ ግን ቀጠለ።

እዚህ ላይ የፍንዳታውን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው እሳተ ገሞራ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት የቀለጠ ቀይ አለት ነውና። የፋካአሪው ግን ሌላ ነው። ከሥር ያለው ሙቀት በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ የታመቀውን ውኃ ያግለዋል፤ ውኃው ግን በላዩ ባለው ክብደት ታፍኖ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ግፊቱ በሆነ ምክንያት ሲለቅ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ መጠኑም ከሺህ እጥፍ በላይ ይሰፋል። ክዳኑ ተገጥሞ የተረሳ ድስት ሲፈነዳ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ክዳኑ ተራራ መሆኑ ነው። የሚወጣው አመድ፣ ድንጋይ፣ አሲድ ያዘለ እንፋሎት ነው። ከሥር የቀለጠ አለት ወደ ላይ ሲገፋ መሬቱ ያብጣል፣ ይንቀጠቀጣል፤ መሣሪያም ያንን ይመዘግባል። የእንፋሎት ፍንዳታ ግን ይህ ነው የሚባል ምልክት ሳያሳይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ዛሬ ጸጥ ብሏል» ማለት እንዲህ ባለ ቦታ ምንም ዋስትና አይደለም።

ቢሆንም በ2019 ምልክት ነበረ። በወቅቱ የኒውዚላንድን እሳተ ገሞራዎች ይከታተል የነበረው ጂኤንኤስ ሳይንስ የተባለው ተቋም ኖቬምበር 18 ቀን የፋካአሪን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ከ1 ወደ 2 ከፍ አድርጎ ነበር። ደረጃው ከ0 እስከ 5 ይሄዳል። ከ3 ጀምሮ ፍንዳታ ተጀምሯል ማለት ነው፤ 2 ማለት እንግዲህ ሳይፈነዳ የሚሰጥ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ይህን ልብ ያለ አንባቢ ሁለት ቁጥርን ከአምስት አጋምሶ «ገና ከግማሽ በታች ነው» አይልም። የሚያሳዝነው ግን አብዛኛው ሰው የሚለው እንደዚያ ነው። ተቋሙ በዲሴምበር መጀመሪያ ባወጣው መግለጫም እሳተ ገሞራው ከወትሮው ይበልጥ ሊፈነዳ ወደሚችልበት ወቅት እየገባ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ በዚያው ጽሑፍ የወቅቱ እንቅስቃሴ ለጎብኚዎች ቀጥተኛ አደጋ እንዳልሆነ ተናገረ። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ ቲኬት የሚሸጥ ሰው የትኛውን እንደሚያነብ መገመት አይከብድም።

አሁን የዚያን ማስጠንቀቂያ ጉዞ እንከተል። ከሳይንቲስቶቹ ድረ ገጽ ወደ አስጎብኚው ድርጅት ሄደ። አስጎብኚው ጉብኝቱን ለመርከብ ኩባንያው ይሸጥ ነበር፤ መርከቡ ደግሞ ለመንገደኞቹ፣ ከሌሎች የባሕር ዳርቻ ሽርሽሮች ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ። ዝርዝሩ ላይ አንዱ የወይን እርሻ፣ አንዱ ፍል ውኃ፣ አንዱ እሳተ ገሞራ ነበር። በሕይወት ከተረፉት መካከል በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበው የመሰከሩ ሰዎች፣ ደረጃው ወደ 2 ከፍ ማለቱን ቲኬት ሲገዙ የነገራቸው እንዳልነበረ ተናግረዋል። አንድ ሰው አደጋውን አውቆ «ልሂድ» ቢል ምርጫው የራሱ ነው። ሳይነገረው የሄደ ሰው ግን አልመረጠም፤ የተመረጠለት ነው። የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ፣ ክሱም ቅጣቱም፣ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

የዕለቱ ነፍስ አድን ሥራ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፍንዳታው ሲነሣ አንድ የጎብኚ ጀልባ መንገደኞቹን ጭኖ ከደሴቷ ገና መራቁ ነበር፤ የጀልባው ሠራተኞች ወደ ኋላ ዞረው የተቃጠሉትን ከባሕሩ ዳር ለቀሙ። ተሳፋሪዎቹ ደግሞ ከመታጠቢያ ቤት በሚቀዳ ውኃና በእጃቸው ባገኙት የመጠጥ ጠርሙስ፣ እስከ ወደቡ ባለው ረጅም መንገድ፣ የማያውቋቸውን ሰዎች ቁስል ሲያቀዘቅዙ ተጓዙ። የንግድ ሄሊኮፕተር አብራሪዎች የመንግሥትን ትእዛዝ ሳይጠብቁ ወደ አመዱ ገብተው ሰዎችን አወጡ። የኒውዚላንድ ሆስፒታሎች የነበራቸው የቃጠሎ ሕክምና አቅም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞላ፤ ለቁስለኞቹ የሚሆን 1.2 ሚሊዮን ካሬ ሴንቲ ሜትር የሰው ቆዳ ከአሜሪካ ታዘዘ። ይህ 120 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ አንድ ሰፋ ያለ መኖሪያ ቤት የሚያህል ቆዳ። የሁለት ሰዎች አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው ዎርክሴፍ በኖቬምበር 2020 ዐሥራ ሦስት ወገኖችን ከሰሰ። ከእነዚህ መካከል ራሱ ጂኤንኤስ ሳይንስ ይገኝበታል። ተቋሙ ሠራተኞቹን ወደ ደሴቷ እንዲወስዱ የቀጠራቸውን የሄሊኮፕተር አብራሪዎች ስለ አደጋው በሚገባ አላሳወቃቸውም በሚል ጥፋቱን አምኖ 54,000 የኒውዚላንድ ዶላር ተቀጣ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ትርጉሙ ግን ከባድ ነው። ተራራውን የሚለካው አካል እንኳ የሚያውቀውን በቅርቡ ላለ ሰው አላደረሰም ማለት ነው። አስጎብኚዎቹና የደሴቷ ባለቤት የሆነው ቤተሰብ ኩባንያ በማርች 2024 በጠቅላላው ከ12 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር በላይ ቅጣትና ካሳ ተፈረደባቸው። ዳኛው የባለቤቱ ኩባንያ ከ2016ቱ ፍንዳታ በኋላ የባለሙያ ምክር ሊጠይቅ ይገባው ነበር አሉ።

ነገሩ በዚህ አልተዘጋም። በፌብሩዋሪ 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የባለቤቱን ኩባንያ ጥፋተኛነት ሻረ። ኩባንያው ለአስጎብኚዎች ፈቃድ ይሰጥ ነበር እንጂ በደሴቷ ላይ የሚካሄደውን የዕለት ተዕለት ሥራ አልተቆጣጠረም፤ ስለዚህ ሕጉ የሚጠይቀው ኃላፊነት አልነበረበትም የሚል ነው ፍርዱ። በሕግ ዓይን ይህ ሊያስኬድ ይችላል። ለሟች ቤተሰብ ግን የሚቀረው ጥያቄ ግልጽ ነው። መሬቱ የግል ነው፤ ባለቤቱ ከእያንዳንዱ ጎብኚ ገቢ ያገኝ ነበር፤ አስጎብኚው ገቢ ያገኝ ነበር፤ መርከቡ ድርሻውን ይወስድ ነበር። ትርፉ ለሁሉም ሲዳረስ ኃላፊነቱ ለምን እንዲህ ይበጣጠሳል? የኒውዚላንድ መንግሥት ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የተሻሻለ ደንብ፣ የጀብድ ጉብኝት የሚሸጥ ሁሉ የተፈጥሮ አደጋን እንዲገመግምና ከባድ ስጋት ካለ ለተሳታፊው እንዲነግር ግዴታ ተጥሎበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ ደንቡ ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል።

ፋካአሪ ብቻዋን አይደለችም። በጃፓን ሴፕቴምበር 27 ቀን 2014 ኦንታኬ ተራራ የፈነዳው ቅዳሜ ቀን፣ የመጸው ቅጠል በቀላበት፣ ሰው ሁሉ ጫፉ ላይ ምሳ ሊበላ በተቀመጠበት ሰዓት ነበር። 63 ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፍተው ቀሩ። በዚያን ዕለት የተራራው የማስጠንቀቂያ ደረጃ 1፣ ማለትም «መደበኛ» የሚባለው ነበር። ጃፓኖች ከዚያ በኋላ ካደረጓቸው ለውጦች አንዱ ያንን ስያሜ መሰረዝ ነው፤ አሁን ደረጃ 1 የሚነግርህ ተራራው ሕያው እሳተ ገሞራ መሆኑን እንዳትረሳ ነው። በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ዲሴምበር 3 ቀን 2023 ማራፒ ፈንድቶ 24 ተራራ ወጪዎችን ገደለ። ማራፒ ዙሪያ ከጫፉ በሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ማንም እንዳይገባ የእሳተ ገሞራ ባለሙያዎች ለዓመታት ሲመክሩ ኖረዋል፤ መውጫ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በጣሊያን ኤትና ላይ በ1979 ዘጠኝ ጎብኚዎች ከገሞራው አፍ ዳር ቆመው ሳሉ ሞተዋል። አገሩ፣ ዘመኑ፣ ቋንቋው ይለያያል፤ የሚያውቀውና የሚፈቅደው የተለያዩ መሆናቸው ግን ከፋካታኔ እስከ ሱማትራ አንድ ነው።

ታዲያ ሕዝብና እሳተ ገሞራ በሰላም የሚገናኙበት ቦታ የለም? አለ። ከሁሉ የሚቀናበት ምሳሌ አይስላንድ ይመስላል።

ማርች 19 ቀን 2021 ማታ፣ ከዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ርቀት፣ ፋግራዳልስፍያል በተባለ ስፍራ መሬት ተሰነጠቀችና ቅልጥ አለት መፍሰስ ጀመረ። በዚያ ባሕረ ገብ መሬት ላይ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በ800 ዓመታት ገደማ ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ፍንዳታው ስድስት ወር ቆየ፤ በዓመቱ መጨረሻ ቦታውን ያየው ሰው ከ300,000 በላይ ሆነ። የአገሩ ሕዝብ በወቅቱ ከ400,000 አይሞላም ነበር። ሰው ከነልጁ፣ ከነውሻው፣ አንዳንዱም በሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ ነጎደ። መንግሥት ሊከለክል ይችል ነበር፤ ግን ሕዝቡ በተራራ ጓሮ በኩል በጨለማ ሾልኮ እንደሚሄድ ያውቃል። ስለዚህ መንገድ ጠረገ፤ መስመሩን በምልክት ለየ፤ የመኪና ማቆሚያ አዘጋጀ። የነፍስ አድን ማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች በየቀኑ ከሰው ቀድመው እየወጡ በረባዳ ቦታዎች የሚጠራቀመውን ጋዝ ለኩ፤ ንፋሱ የማይመች ሲሆን መንገዱን ዘጉ። ኤፕሪል 5 ቀን ሰው ባለበት በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲከፈት አካባቢውን በሰዓታት ውስጥ አጸዱ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በኦገስት 2022፣ አቅራቢያው እንደገና ሲፈነዳ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይወጡ ፖሊስ ከለከለ፤ ምክንያቱም ጋዙ ከመሬት አጠገብ ይተኛል፤ ልጅም አጭር ነው።

እርግጥ የአይስላንዱ ቅልጥ አለት በዝግታ የሚፈስ፣ ዓይን እያየው የሚመጣ ዓይነት ነበር፤ ከፋካአሪ እንፋሎት ጋር አይነጻጸርም። ልዩነቱ ግን በተራራው ብቻ አይደለም። በአይስላንድ የሚለካው፣ የሚወስነውና በሜዳ ላይ ቆሞ ለሰው የሚነግረው በየቀኑ ይገናኛል። ውሳኔውም ቲኬት በመሸጥ ከሚያተርፍ ሰው እጅ ውጪ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በዚያው አካባቢ ፍንዳታው ሲደጋገም፣ ግሪንዳቪክ የተባለችው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነዋሪዎቿን ሙሉ በሙሉ ስታስወጣ፣ በዓለም የታወቀው ብሉ ላጉን የተባለው የፍል ውኃ መዝናኛ እንግዶቹን ደጋግሞ አስወጥቷል። በኖቬምበር 2024 ቅልጥ አለቱ የመዝናኛውን መኪና ማቆሚያ ቀበረው። መኪና ማቆሚያው ላይ ግን ሰው አልነበረም።

አደጋው እሳት ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ራሱ የሚያመጣውም አለ። 3,776 ሜትር ከፍታ ያለው ፉጂ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1707 ነው፤ አሁን የሚያስጨንቀው በአንድ የበጋ ወቅት የሚወጡት ከ200,000 በላይ ሰዎች ናቸው። በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስሙ ይበልጥ ገነነ። ብዙዎች ማረፊያ ጎጆ ሳይዙ ሌሊቱን ሙሉ ወጥተው ጎህ ሲቀድ ፀሐይ አይተው በዚያው ይወርዳሉ፤ ጃፓኖች «የጥይት አወጣጥ» ይሉታል። በቀላል ጫማና በስስ ጃኬት የመጣው በብርድና በከፍታ ሕመም መንገድ ዳር ይቀራል፤ ቆሻሻው ይከመራል፤ በጠባቡ ዳገት ላይ ሰው ሰውን ይገፋል። የያማናሺ አስተዳደር በ2024 በዮሺዳ መንገድ ላይ በር አቆመ። በዚያ ዓመት በቀን ከ4,000 ሰው በላይ አይገባም ነበር፤ 2,000 የን ይከፈል ነበር፤ ጎጆ ያልያዘ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አያልፍም ነበር። በ2025 ክፍያው 4,000 የን ሆኖ በሁሉም መንገዶች ላይ ተጣለ። ተራራ ላይ የሚወጣ ሰው በር ሲያጋጥመው ቅር ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን እዚያ የሞተን ሰው ተሸክሞ የሚያወርደው የአገሬው ሰው ነው፤ በሩን የመዝጋት መብቱም የእርሱ ነው።

ከተራራው ሥር ባለችው ፉጂካዋጉቺኮ ደግሞ ነገሩ መልኩን ቀየረ። አንድ የላውሰን ሱቅ ጣሪያ ላይ ፉጂ ተቀምጦ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ዓለም ወደደው። ሰው መኪና ሳያይ አስፋልት ማቋረጥ፣ ፊት ለፊት ባለው የጥርስ ሐኪም ቤት ግቢ ውስጥ መቆም፣ ቆሻሻ መጣል አበዛ። ምልክት ተለጠፈ፤ ዘበኛ ቆመ፤ የሰማ የለም። በሜይ 2024 የከተማዋ አስተዳደር 2.5 ሜትር ከፍታና 20 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቁር መረብ ዘርግቶ ተራራውን ከለለው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መረቡ ለካሜራ በሚሆኑ ቀዳዳዎች ተበሳ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ለእያንዳንዳቸው ያቺ ጥቂት ደቂቃ የራሳቸው ብቻ ነበረች። ለነዋሪው ግን በየቀኑ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ነበር። መጨናነቅ የሚባለው ነገር በጎብኚው ዓይን ሰልፍ ነው፤ በነዋሪው ዓይን ኑሮ ነው። ይህን ልዩነት የሚዘነጋ የቱሪዝም ፖሊሲ መጨረሻው መረብ መስቀል ነው።

በታይላንድ ማያ ቤይ የተጎዳው ተፈጥሮ ራሱ ነበር። ገደል ያቀፋት ይህች ትንሽ የባሕር ዳርቻ በ2000 የወጣው፣ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የተሳተፈበት «ዘ ቢች» ፊልም ከተቀረጸባት በኋላ በቀን እስከ 5,000 ሰው ይጎርፍባት ጀመር። የጀልባ መልሕቅና የቆዳ ክሬም የኮራል አለቱን ጨረሱት፤ ሻርኮቹ ጠፉ። የአገሪቱ ብሔራዊ ፓርክ ባለሥልጣን በጁን 2018 ለአራት ወር ብሎ ዘጋው፤ በአራት ወር እንደማያገግም ሲታይ እስከ ጃንዋሪ 2022 ዝግ ሆኖ ቆየ። ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ኮራል መልሰው ተከሉ፤ ጥቁር ጫፍ ክንፍ ያላቸው ሻርኮች ተመልሰው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ታዩ። ዛሬ ጀልባ ከፊት በኩል አይገባም፤ ከኋላ ባለ ተንሳፋፊ መድረክ ነው የሚቆመው። የሚገባው ሰው በሰዓት ይቆጠራል፤ መዋኘት አይቻልም፤ በየዓመቱም ለሁለት ወር ይዘጋል። መዝጋት ገቢ ያሳጣል የሚለው ክርክር ብርቱ ነው፤ በጀልባ ቀዛፊውና በምግብ ሻጩ ላይ የሚወድቀው ጫና እውነተኛ ነው። ማያ ቤይ ግን ሳይዘጋ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የሚሸጥ ነገር አይኖረውም ነበር። ግሪክም ከእሳተ ገሞራ የተወለደችው ሳንቶሪኒ ላይ በቀን የሚወርደውን የመርከብ ተሳፋሪ ወደ 8,000 ለመገደብ የተነሣችው፣ ጋላፓጎስም በኦገስት 2024 የመግቢያ ክፍያዋን ከ100 ወደ 200 ዶላር ያሳደገችው በዚሁ ስሌት ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ውስጥ ከውጭ ቆማ የምትመለከት አገር አይደለችም። ኤርታ አሌ በዓለም ላይ ካሉት ጥቂት የቅልጥ አለት ሐይቆች አንዱን ለረጅም ዘመን ተሸክሞ የኖረ ተራራ ነው፤ ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ቢሆንም ሰው ከአውሮፓና ከእስያ ድረስ ሊያየው ይመጣል። ቀን በሙቀቱ ስለማይቻል ጎብኚው ማታ ይነሣል፤ ውኃና ፍራሽ በግመል ተጭኖ፣ የአፋር መንገድ መሪዎችና ታጣቂ ጠባቂዎች አጅበውት ይወጣል። አደጋው ከመሬት ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ እዚያው ታይቷል፤ በጃንዋሪ 2012 ሌሊት ላይ በደረሰ የታጠቁ ሰዎች ጥቃት አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ተገድለዋል። በጃንዋሪ 2017 ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ከአፉ ራቅ ብሎም ስንጥቅ ተከፈተ።

ከኤርታ አሌ በደቡብ ምሥራቅ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ሃይሊ ጉቢ አለ። በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ይህ ተራራ ኖቬምበር 23 ቀን 2025 በድንገት ፈንድቶ አመዱን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ ወረወረ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ ሕንድ ደረሰ፤ የአውሮፕላን በረራዎችም ተሰረዙ። በአቅራቢያው ያሉት የአፍዴራ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸው የሚግጡት ሣር በአመድ ተሸፈነ። የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ ትልቅ ምሕረት ነው። ሆኖም ዳናኪል የሚሄድ ጎብኚ በአገር ውስጥም በውጭም ባለ አስጎብኚ ቲኬቱን ሲገዛ የሚነገረው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጨው ካራቫኑና ስለ ዳሎል ቀለማት ነው። የአፋር እሳተ ገሞራዎች ምን ላይ እንዳሉ ግን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጀምሮ የሚከታተሉ ባለሙያዎች አሉን። እነርሱ የሚያውቁት ለአፍዴራው መንገድ መሪ በአፋርኛ፣ ለአስጎብኚው በአማርኛ፣ ለእንግዳው በሚገባው ቋንቋ፣ ጉዞው ከመከፈሉ በፊት መድረስ አለበት። «ዛሬ አትወጡም» የማለት ሥልጣንም ከገቢው ምንም የማያገኝ አንድ የታወቀ አካል ሊይዘው ይገባል፤ ያ አካል ማን እንደሆነም መቀሌ ወይም ሰመራ ላይ መኪና የሚከራየው የመጨረሻው ሹፌር እንኳ ስልክ ቁጥሩን ሊያውቅ ያስፈልጋል።